ከየትኛው ደጅ እንነሣ

ቡሬ ገጠር፣ መስከረም 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ላቀው፣

ክረምቱን እንዴት ከረምህ? ጉልበትህስ? ባለቤትህ አልጣሽ ደህና ናት? እኔ አለሁ። ጤፉ ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ በርበሬውን ግን ዝናቡ አበስብሶታል።

በበርበሬ ነጋዴው በመንበሩ የላክሁልህን ወረቀት አይተህ «ማን ጻፈላት?» ብለሃል አሉ። ማንም አልጻፈልኝም። ሁለት ክረምት መሠረተ ትምህርት ገብቼ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። መምህራችን ደብዳቤ በመፈክር ይጀመራል ብላን ነበር፤ ለአንተ መፈክር ልጽፍ አልቻልሁም። ባሌ ሳለህ አንቱ እልህ ነበር። አሁን በእጅ ስጽፈው ረዘመብኝና አንተ ብዬሃለሁ፤ አትቀየመኝ።

«ከተለያየን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ምን ፈለገች?» ብለህም ጠይቀሃል። የፈለግሁት ስለታችንን ነው። ልጃችን ስንዱ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ሲገለበጥ፣ እኔና አንተ ከመደቡ ግራና ቀኝ ሆነን «ይህችን ልጅ ማርልንና ከደጃችን ተነሥተን በእግራችን፣ ሁለታችንም፣ ለገና ላሊበላን እንሳለማለን» አልን። ዳነች። በዓመቱ በሬው ሞተብን፣ በሌላው ዓመት አንተ ታመምህ፣ በሌላው እኔ አስወረደኝ። ከዚያ ተጣላን። ስለቱ እዚያው ቀረ።

እዚህ ያለ ሰው «ልጅቷ ከሞተች ስለቱ ለማን ነው?» ይለኛል። ከዚያ ኩፍኝ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖራልናለች። የምሄደው ለአሥራ አምስቱ ነው።

ብቻዬን እንዳልሄድ ሁለታችንም ብለናል። ኅዳር ሲያልቅ አዝመራዬን አስገባለሁ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

ጌጥነሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለወይዘሮ ጌጥነሽ፣

የሰማይ ጠል በምድር ላይ እንደሚወርድ ሰላሜ በያለሽበት ይውረድ። ከብትሽ ይርባ፣ አውድማሽ ይሙላ። እኔ በአምላክ ቸርነት፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ጋር እየታገልሁ አለሁ። አልጣሽ እጅ ትነሣለች።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እኔ ስምንት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቼ የጻፍሁት ሁሉ እንዲህ ቀጥ ብሎ አልተነበበልኝም። መዘግየቴን ይቅር በይኝ፤ ብዕር አንሥቼ ያስቀመጥሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

እሄዳለሁ። ይኸ አንድ ነው።

ስለ መነሻው ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዚህ ከፍኖተ ሰላም እንነሣ። በፈረስ ቤት ወጥተን፣ በሞጣ አድርገን፣ ሰባራ ድልድይ ላይ ዓባይን ተሻግረን፣ በእስቴና በጋይንት ላስታ እንገባለን። መንገዱ የታወቀ ነው፤ ለጉልበቴም ይሻለኛል። አንቺ ዘመድ ጥየቃ ብለሽ እስከዚህ ድረስ መምጫ ወረቀት ከገበሬ ማኅበርሽ በቀላሉ ታገኛለሽ። ከከተማው በታች፣ ወደ ወንዙ መውረጃ፣ የአሮጌው የእህል መጋዘን በር አለ። እዚያ በር ላይ ተገናኝተን ጸሎት አድርሰን ብንነሣ ደስ ይለኛል።

አሳብሽን እጠብቃለሁ።

ላቀው

ቡሬ ገጠር፣ ጥቅምት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.

ላቀው፣

ጉልበትህን ምሕረት ያውርድልህ። እሄዳለሁ ስላልህ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ከፍኖተ ሰላም ግን አልነሣም። ከደጃችን ብለናል። ቤቱ አልተሸጠም፣ አልተቃጠለም፤ ይኸው ውስጡ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ሥላሴ ነገርኋቸው። እሳቸውም «ደጃችን ካላችሁ ደጃችሁ ነው፤ ለላሊበላ አዲስ ውል አትጻፉለት» አሉኝ። ከዚህ በሁለት ቀን ግሽ ዓባይ እንገባለን፣ ከጸበሉ እንጠጣለን፣ ከዚያ በአዴት አድርገን ጢስ ዓባይ ላይ እንሻገራለን። ጉልበትህን ካመመህ እስከ ቡሬ በመኪና ና። በእግር የምለው ከደጁ ወዲያ ያለውን ነው።

ወረቀቱንም ጠይቄያለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተስፋው «ላሊበላ ብዬ አልጽፍም፤ ሕክምና ብዬ ልጻፍልሽ» አለኝ። «የታመመ የለኝም» አልሁት። በመጨረሻ «ዘመድ ጥየቃ፣ ወሎ» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ዘመድ የለኝም ብለው ደግሞ ያን ጊዜ ሌላ ሊያስብ ነው ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከፍኖተ ሰላም እንነሣ ማለትህን ተረዳሁት፤ ቤትህ ነው። ታዲያ ለምን ከቤትህ አላልህም? ለምን ከቤተ ክርስቲያኑ አላልህም? ሰው መንፈሳዊ ጉዞ ከእህል መጋዘን በር ይጀምራል?

ጌጥነሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጌጥነሽ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልመልስልሽ የቀረሁት ከንቀት እንዳይመስልሽ። ብርድ መትቶኝ ተኝቼ ነበር። አልጣሽ የአብሽ ውኃ እያጠጣች አስነሣችኝ።

ስለ መጋዘኑ በር የጠየቅሽው ትልቅ ነገር አይደለም። ከየአቅጣጫው የሚመጡ ተሳላሚዎች የሚሰባሰቡት እዚያ ነው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው። ብቻችንን ከምንሄድ ከማኅበር ጋር ብንሄድ ለአንቺም ለእኔም ይሻላል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሆነናል፤ ያንን ዳገት ማን ደግፎ ያወጣናል?

አንቺ ግን ከደጃችን ካልሽ እንግዲህ ምን እላለሁ። እኔ እዚያ ደጅ ላይ መቆም ይከብደኛል። ይኸን ያህል ብቻ እወቂልኝ። በሬው የሞተበትን፣ የተጣላንበትን ግቢ ማየት ይከብደኛል።

ለጉዞው የሚሆንሽ ካባ እየሰፋሁልሽ ነው። የላስታ ብርድ ሌላ ነው ይላሉ። ትከሻሽን በድሮው ልክ ነው የቆረጥሁት፤ ቢሰፋሽ ወይም ቢጠብሽ ንገሪኝ።

ላቀው

ቡሬ ገጠር፣ ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ላቀው፣

ካባው መጣ። ይሰፋኛል፤ ከስቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ።

መንበሩን ጠየቅሁት። በየሳምንቱ ፍኖተ ሰላም የሚወጣና የሚገባ ሰው ነው። እዚያ በር ላይ ተሳላሚ ሲሰበሰብ አይቶ አያውቅም። ጥላም የለው። «እትዬ ጌጥነሽ፣ እዚያ እኮ በሰባ ዓመተ ምሕረት ልጆቹን ያጎሩበት ቦታ ነው» አለኝ።

አንተ ያን ጊዜ ምን ብለህ ነበር የላክህብኝ? «ስንዱን ከመንገድ ያዟት፣ ወዲያው ወደ ማርቆስ ወሰዷት፣ አትምጪ፣ አታገኛትም» ነበር ያልኸኝ። እኔም አልመጣሁም። ማርቆስን አላውቀው፣ ማንን ልጠይቅ ብዬ።

እዚያው ከተማህ ውስጥ ከነበረችና ከዚያ በር እንነሣ ካልኸኝ፣ ይገባኛል። እናት ነኝ፣ እሺ እልህ ነበር። ለምን በተሳላሚ ታሳብባለህ? ብርድ ሳይመታህም እንደሆነ እንጃ።

ሌላ ያልነገርኸኝ ነገር አለ። እስክትጽፍልኝ ድረስ ስንቄን አላዘጋጅም።

ጌጥነሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጥነሽ፣

ሰላምታውን ዛሬ አልቻልሁትም።

ከመንገድ ያዟት ያልሁሽ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የወሰድኋት።

በመጋቢት መጨረሻ ከተደበቀችበት ወጥታ ወደ እኔ መጣች። አሥራ አንድ ቀን ከጨርቅ መደርደሪያው ጀርባ ደበቅኋት። በድምፅ ማጉያ «ራሱን ያጋለጠ ይማራል፤ የተደበቀም የደበቀም ወዮለት» እየተባለ ይለፈፍ ነበር። ሁለት ልጆች ራሳቸውን አጋልጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በዓይኔ አየሁ። አመንሁ። ፈራሁም። ምን ያህሉ እምነት፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደነበረ አራት ዓመት ሙሉ ለመለየት ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ሄደሽ ስምሽን ስጫቸው፣ ይለቁሻል» አልኋት።

«አባዬ፣ እኔን አይለቁኝም» አለች።

«እነዚያን ለቀዋቸዋል።»

«እነሱ የሚያውቁት ነገር የላቸውም።»

ሦስት ቀን ለመንኋት። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን አበጥራ ተነሣች። አልጣሽ በሩ ላይ ቆማ «ተው፣ አትውሰዳት» አለችኝ። ገፍቻት ወጣሁ። እስከ መጋዘኑ በር እጇን ይዣት ሄድሁ። ለጥበቃው «ልጄ ናት፤ ራሷን ልታጋልጥ ነው የመጣችው» አልሁት። ገባችና ዞር ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ እዚህ አትቁም፤ ፀሐዩ በርትቷል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» አለችኝ። ሄድሁ።

ሃያ ስድስት ቀን ምሳዋን አመላለስሁ። በሃያ ሰባተኛው ቀን ሳህኑን ሳይነኩ «ከእንግዲህ አታምጣ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ማርቆስ ናት ያልሁሽ እንዳትመጪ ነው። ከመጣሽ ማን እንዳመጣት ትጠይቂያለሽ። በእነዚያ ሃያ ስድስት ቀኖች በአንድ ቀን የእግር መንገድ ትደርሺባት ነበር። ይኸን ሳስብ መርፌው ከእጄ ይወድቃል።

ከደጃችን እንነሣ ስትይኝ፣ እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ ፊትሽን እያየሁ መንገድ መጀመር አልሆንልህ አለኝ። ከመጋዘኑ በር ብንነሣ ግን እዚያው ላይ ቆሜ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ያ በር ሲያየኝ አልዋሽም ብዬ።

አሁን ሁሉንም አወቅሽ። አብሬሽ እንድሄድ ካልፈለግሽ እኔ አልጨቀጭቅሽም።

ላቀው

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጥነሽ፣

ለኅዳር አሥራ ሰባቱ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። መንበሩ በእጅሽ እንደሰጠሽ፣ እሱ ፊት ቆመሽ እንዳነበብሽው፣ ከዚያ ወደ አውድማሽ ተመልሰሽ ጤፍሽን መውቃት እንደቀጠልሽ ነግሮኛል። «ምን አለች?» ስለው «በሬዎቹን እየመታች ነበር» አለኝ።

ጾሙ ገብቷል። ጊዜው እየሄደ ነው። ለገና ለመድረስ ታኅሣሥ እንደገባ መነሣት አለብን። አለብሽ ልበል? አለብኝ ልበል? አላውቅም።

አልጣሽ በሶ ፈጭታ ቋጥራልኛለች። ስንዱን ከወሰድሁበት ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በጥቂቱ ነው። በእኔ እንዳትፈርጂባት፤ እሷ ተው ብላኝ ነበር።

ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ላቀው

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ላቀው፣

ይኸን የምጽፈው ከከተማህ ነው። ትናንት መጣሁ። ቤትህ አልመጣሁም፤ ከመንበሩ እኅት ቤት አደርሁ።

ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ሄድሁ። አሁን የማዳበሪያ ማስቀመጫ ነው። ጥበቃው ሽማግሌ ሰው ነው፤ «ማንን ፈልገሽ ነው እናቴ?» አለኝ። «ስንዱ ላቀው የምትባል ልጅ» አልሁት። «እንዲህ የምትባል ሠራተኛ የለችም» አለ። «አውቃለሁ። እዚህ ትንሽ ልቀመጥ?» አልሁት። አንድ ባዶ ጆንያ አነጠፈልኝ። ሌላ አልጠየቀኝም። የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም መሰለኝ።

እስከ ረፋድ ተቀመጥሁ። አላለቀስሁም። ደክሞኝ ነበር። ከአንተ ደብዳቤ ወዲህ በጣም ደክሞኛል፤ ጤፉን የወቃሁትም ካልቆምሁ አልነሣም ብዬ ፈርቼ ነው።

እንዲህ ቆርጫለሁ። እኔ ከዚህ በር እነሣለሁ፤ በፈረስ ቤትና በሞጣ በኩል እሄዳለሁ። እዚህ ሃያ ስድስት ቀን ሳልደርስላት ቀርቻለሁና እኔ ነኝ ከዚህ መነሣት ያለብኝ። አንተ ደግሞ ሂድና ከዚያ ደጅ ተነሣ። የተወለደችበት ቤት ነው፤ ከብዶህም ቢሆን ትቆምበታለህ። የቤቴን ቁልፍ ከዚህ ወረቀት ጋር በመንበሩ ልኬልሃለሁ። መምሬ ወልደ ሥላሴ ያውቃሉ። በግሽ ዓባይ በኩል ና።

አብረን አንሄድም። ሁለታችንም አልን እንጂ ጎን ለጎን አላልንም። አሁን ጎንህ መሄድ አልችልም፤ ዳገት ላይ ደግፈኝ ብትለኝ እጄ አይታዘዘኝም።

ካባውን ለብሼዋለሁ።

ጌጥነሽ

ቡሬ ገጠር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጥነሽ፣

ከላሊበላ ባልመለስ እንዲሰጡሽ ይኸን ከመምሬ ወልደ ሥላሴ ዘንድ እተዋለሁ።

ትናንት ነው የደረስሁት። ተስፋው ግቢው በር ላይ አግኝቶኝ «አንተ ማነህ?» አለኝ። «የስንዱ አባት ነኝ» አልሁት። ከተለየኋት ጀምሮ እንዲህ ብዬ ራሴን ተናግሬ አላውቅም ነበር። ወረቀቴን ሳያይ አሳለፈኝ።

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። መስኮቱ ላይ የትምህርት ቤት ደብተሮቿን አየሁ። ሳትፈቅጅልኝ ገለጥኋቸው። ከእያንዳንዱ የእሷ መስመር በታች አንቺ ደግመሽ ጽፈሻል። እሷ «ውኃ በሦስት ዓይነት ይገኛል» ብላለች፤ አንቺም ከሥሩ በጠማማ ፊደል «ውኃ በሦስት ዓይነት ይገኛል» ብለሻል። ገጹ እያለፈ ሲሄድ ፊደልሽ እየቀና፣ እየቀና፣ መጨረሻ ላይ የእሷን መሰለ። ለዚህ ነው ለካ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ያነበብሁት። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ዓይኔ ግን አውቆት ነበር።

ደብተሮቹን እንደነበሩ መልሻቸዋለሁ። ቤቱን ጠርጌያለሁ። ደጁ ላይ እንደቆምሁ መምሬ ጸሎት አደረሱልኝ። አሁን እነሣለሁ። እግሬ ምን ያህል እንደሚወስደኝ አላውቅም።

ላቀው

ቡሬ ገጠር፣ ጥር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ላቀው፣

እንዴት ሰነበትህ? ከላሊበላ ስንመለስ እኔና ሌሎቹ ተሳላሚዎች ጋይንት ላይ ጥለንህ ስንመጣ እግርህ አብጦ ነበር። መኪና አግኝተህ ቤትህ መግባትህን መንበሩ ሲነግረኝ ጊዜ ትንፋሽ አገኘሁ። አልጣሽን ስለ በሶው አመስግንልኝ፤ ስንለያይ ከሰጠኸኝ ላይ እስከ ሞጣ ድረስ በልቻለሁ።

በላክኸው ወረቀት ሁለት ነገር ጠይቀሃል።

የመጀመሪያው «ላሊበላ ላይ ሦስት ቀን ስታዪኝ ለምን ዝም አልሽኝ?» ነው። በገና ዋዜማ ከቤተ ማርያም በታች ስትመጣ አይቼህ ነበር። በዱላ እየተጎተትህ ነበር፤ ሽበትህን በዓይኔ ሳየው ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ልሰድብህ የያዝሁት ስድብ ነበረኝ፤ ከፈረስ ቤት ጀምሮ እያዘጋጀሁት መጥቻለሁ። ሳይህ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ቀን መጥቼ «ምን ለብሳ ነበር?» ያልሁህ ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ጥያቄ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። አረንጓዴ ሹራብ፣ አንተ የሰፋህላት ቀሚስ፣ የጎማ ጫማ። ነገርኸኝ። አሁን ሳስባት ለብሳ አያታለሁ። እስከዚያ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ የሌላት ሆና ነበር የምትታየኝ።

ሁለተኛው «ይቅር ብለሽኛል?» ነው። አላልሁም። ልዋሽህ አልችልም፤ ቃሉን ሞክሬዋለሁ፣ አልወጣልኝም። ምናልባት ይወጣ ይሆናል፣ ምናልባት አይወጣም። ክፉህን ግን አልመኝም። ከጋይንት እስክትገባ እንቅልፍ አልነበረኝም።

አሁን የምነግርህ ነገር አለ። ለስንዱ ለቅሶ አልተቀመጥንላትም፤ ያን ጊዜ ተከልክለን ነበር፣ በኋላ ደግሞ ለመድን። መምሬ ወልደ ሥላሴን ፍትሐት ይደረግላት አልኋቸው፤ እሺ ብለዋል። ተስፋው ሰምቶ መጣ። «ሞቷ የትም አልተጻፈም፤ በምን አውቀሽ ታለቅሻለሽ?» አለኝ። «አባቷ ነግሮኛል» አልሁት። «ብዙ ሰው አትጥሪ» ብሎ ሄደ። ብዙ አልጠራሁም። የመጡት ይበቁኛል።

የካቲት 7 ነው፣ እሑድ። ዓቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ነው የፈጠንሁት። ቅዳሜ በቡሬው አውቶቡስ ና፣ አልጣሽንም ይዘሃት ና። ከአስፋልቱ እስከዚህ በቅሎ እልክልሃለሁ፤ በዚያ እግርህ እንዳትሞክረው።

ሰው ለምን አንድ ላይ ተቀመጡ ብሎ ያወራ ይሆናል። ያውራ። ለሟች እናትና አባት የሚነጠፈው ሰሌን አንድ ነው፤ ሌላ አላዘጋጀሁም። ከጎኔ ትቀመጣለህ።

ጌጥነሽ